ቱርክ ሱልጣኖቿን በጅምላ ትሸጣለች፤ ገዢው ምን ይዞ ይወጣል?

የመርካቶ ነጋዴ የቱርክን ዕቃ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ የልጆች ልብሱን አገላብጦ አይቶና በእጁ ዳብሶ የትኛው የኢስታንቡል፣ የትኛው የሌላ አገር ቅጂ እንደሆነ ይለያል። የመርከብ ኪራዩን፣ የጂቡቲ ወደብ ወጪውንና የጉምሩክ ቀረጡን ደምሮ ትርፉ ስንት እንደሚሆን ገና ሳይገዛ ይናገራል። ቱርክ ለዓለም ገበያ ከምታቀርባቸው ሸቀጦች አንዱ ግን እንዲህ አይመዘንም፣ አይዳሰስም። ኮንቴይነር አይጭነውም፣ መጋዘን አያስፈልገውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም። አንዴ የተሠራው ለመቶ ገዢ ይሸጣል፤ ከተሸጠም በኋላ ከሻጩ እጅ አይወጣም። ሸቀጡ ተከታታይ ፊልም ነው።

ከዚህ ሸቀጥ መካከል ደግሞ በዋጋም በጭቅጭቅም ጎልቶ የወጣው የጥንቱን የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ታሪክ የሚያሳየው ነው። ከ1299 ገደማ እስከ 1922 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሦስት ክፍለ ዓለማት የተንሰራፋው ያ መንግሥት ከፈረሰ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሱልጣኖቹ ግን በየምሽቱ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ በየሰው ሳሎን ይገባሉ። በጦር ያልደረሱባቸውን አገሮች በቴሌቪዥን ደርሰውባቸዋል።

ይህን ንግድ የተመለከተ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ፊልሞቹ ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም የሚል ነው። ጥያቄው ለታሪክ ምሁራን ተገቢ ነው። ለገበያ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። ይህ ዕቃ የተሸጠው ለምንድን ነው? አንዳንድ ደንበኞቹስ በር የዘጉበት ለምንድን ነው? የአሥር ዓመቱ መዝገብ ሲገለጥ መልሱ ግልጽ ነው። ሱልጣኑ እንደ ተረት ሲቀርብ የቀድሞ ጠላት ሳይቀር ገዛው። እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ግን ወዳጅ የነበረውም ደንበኛ ሒሳቡን ዘጋ።

መንግሥት የጠላው፣ ገበያ የወደደው

በጥር 2011 ሾው ቲቪ የተባለው የቱርክ የግል ጣቢያ "ሙህተሼም ዩዝዪል" የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ጀመረ። ስሙ በአማርኛ "ድንቁ ክፍለ ዘመን" እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ከ1520 እስከ 1566 በዙፋን ላይ የቆየው የሱልጣን ሱለይማንና ከዛሬዋ ዩክሬን ምድር በባርነት መጥታ በኋላ ሚስቱ ለመሆን የበቃችው የሁረም ታሪክ ነው። ደራሲዋ ሜራል ኦካይ ነበሩ። ሱለይማንን ሃሊት ኤርጌንች፣ ሁረምን መጀመሪያ ሜሪየም ኡዘርሊ ተጫውተዋል።

ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ጩኸት ተነሣበት። ታላቁ ሱልጣን መጠጥ ሲጠጣና በሴቶች መካከል ሲዝናና ታየ ተብሎ ለአገሪቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን የበላይ ምክር ቤት ከ70 ሺህ በላይ አቤቱታ ደረሰ። ምክር ቤቱም ለጣቢያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በኅዳር 2012 ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ረጀብ ጣይብ ኤርዶጋን ራሳቸው በአደባባይ ነቀፉት። እሳቸው የሚያውቁት ሱለይማን ሠላሳ ዓመት በፈረስ ላይ የዋለ እንጂ በእልፍኝ የተኛ እንዳልሆነ ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ የቱርክ አየር መንገድ ፊልሙን ለመንገደኞቹ ከሚያሳያቸው ፕሮግራሞች አወጣው። አንድ የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባልም እንዲህ ያለውን ፊልም የሚከለክል የሕግ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገበያው ምን አለ? ፊልሙ ወደ ስታር ቲቪ ተዛውሮ፣ ደራሲዋ በ2012 አርፈው፣ ዋናዋ ተዋናይት በ2013 ጥላ ሄዳ፣ በአራት የውድድር ዘመን 139 ክፍሎች ቆይቶ በሰኔ 2014 ተጠናቀቀ። ከ40 በሚበልጡ አገሮችም ታየ። ከባልካን እስከ መካከለኛው እስያ፣ ከዓረብ አገሮች እስከ ላቲን አሜሪካ ተሸጠ። የላቲን አሜሪካ ተመልካች ስለ ኦቶማን ታሪክ በትምህርት ቤት የተማረው ቢኖር ጥቂት ነው። ሱለይማን ከቤልግሬድ ይምጣ ከባግዳድ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ሁረም ከባላንጣዋ ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም የሚለው ነው። ምቀኝነት፣ የእናት ፍርሃት፣ የወንድማማቾች የውርስ ጠብ በየትኛውም አገር ቀረጥ የማይጣልባቸው ዕቃዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው የግሪክ ገበያ ነው። አብዛኛው የግሪክ ምድር ለዘመናት በኦቶማን አገዛዝ ሥር ነበር፤ የነፃነት በዓላቸውም በቱርክ ላይ የተነሡበት ቀን ነው። ሆኖም ከ2010 በኋላ በዕዳ ቀውስ የተመቱት የግሪክ ጣቢያዎች የራሳቸውን ድራማ መሥራት ሲያቅታቸው ከኢስታንቡል ገዝተው፣ የግሪክኛ ጽሑፍ ከሥር እያስነበቡ አሳዩ። "ሙህተሼም ዩዝዪል" ሳይቀር ገባ። የተቃወሙ ነበሩ። ተመልካቹ ግን ጣቢያውን አልቀየረም። እዚህ ላይ አንድ የገበያ ሕግ ይታያል። የአገር ውስጡ መደብ ባዶ ሲሆን የቀድሞ ጠላት ዕቃም ይሸጣል። ዋጋው ከቂም ይቀድማል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ቱርኮች በዚህ ንግድ የተሳካላቸው ጥሩ ተዋናይ ስላላቸው ብቻ አይደለም። ሒሳቡን ከሥሩ አስተካክለው ስለጀመሩት ነው። የታሪክ ፊልም ውድ ነው። ልብሱ በልክ ይሰፋል፤ ቤተ መንግሥቱ በስቱዲዮ ይገነባል፤ ፈረስ ይቀለባል፤ ሰይፍ ይሠራል፤ በመቶ የሚቆጠር አጃቢ በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል። ይህን ወጪ የውጭ ገዢ አይሸፍነውም። የሚሸፍነው የአገር ውስጥ ማስታወቂያ ነው።

የቱርክ ተከታታይ ፊልም አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በየሳምንቱ አንድ ምሽት ሙሉውን ይይዛል፤ በመካከሉ የሳሙናው፣ የባንኩና የስልክ ድርጅቱ ማስታወቂያ ይገባል። ተመልካች ያጣ ፊልም ምሕረት የለውም፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይቋረጣል። ስለዚህ ለውጭ ገበያ የሚቀርበው በቤት ውስጥ ተፈትኖ ያለፈው፣ ዋናውንም የመለሰው ዕቃ ነው። ወደ ውጭ ሲወጣ ያ ረጅም ክፍል ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ እየተቆረጠ አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ገዢው ጣቢያ በየቀኑ ለወራት የሚያሳየው ያገኛል። ሻጩም አንዱን በሬ በቅርጫ እንደሚያከፋፍል ሰው ለየአገሩ ይመድበዋል። ዋናው በቤት ስለተመለሰ ከውጭ የሚገባው ብር ሁሉ ወደ ትርፉ ነው። ዋጋውንም ለድሃው ጣቢያ ዝቅ፣ ለሀብታሙ ከፍ ማድረግ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው "ፈቲህ 1453" የተባለው የሲኒማ ፊልም ነው። የፋሩክ አክሶይ ሥራ የሆነው ይህ ፊልም ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ቁስጥንጥንያን የያዘበትን ጦርነት ያሳያል። በየካቲት 2012 ሲወጣ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት የተነገረለት ሲሆን፣ እስከዚያ ጊዜ ከተሠሩት የቱርክ ፊልሞች ሁሉ ውዱ ነበር። በቱርክ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ስላየው ገንዘቡን መለሰ። ነገር ግን ሲኒማ አንድ ጊዜ የሚጣል ዕጣ ነው። ባይወጣ ኖሮ የኪሳራው መጠን ከባድ ነበር። ተከታታይ ፊልም ግን ወጪውን በየሳምንቱ ይከፋፍላል፤ አንዴ የተሰፋው ካባና አንዴ የቆመው የቤተ መንግሥት አዳራሽ ለመቶ ክፍል ያገለግላል።

ይህም ቢሆን ዋስትና የለውም። "ሙህተሼም ዩዝዪል" ካለቀ በኋላ የተሠራው የቀጣዩ ዘመን ታሪክ "ኮሰም" በኅዳር 2015 ጀምሮ በአገር ቤት የፊተኛውን ያህል ተመልካች አላገኘም። በመካከሉ ጣቢያ ቀይሮ በሁለት የውድድር ዘመን አለቀ። አንድ ጊዜ የቀና ዕቃ ሁለተኛም ይቀናል ብሎ መጋዘን የሞላ ነጋዴ ይህን ይረዳዋል።

ከሒሳቡ ውጪ የመጣው ትርፍ ደግሞ ሌላ ነው። በኢስታንቡሉ ሸፍን ገበያ የሁረምን ቀለበት አስመስለው የሠሩ ወርቅ ቤቶች ጥሩ ሸጡ። በ2014 መጀመሪያ ሱለይማን የገዛ ልጁን ሙስጠፋን በ1553 ያስገደለበት ክፍል በታየ ማግሥት፣ ሕዝቡ ቡርሳ ከተማ ወዳለው የሙስጠፋ መቃብር ጎረፈ። አራት መቶ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሐዘን እንደ ትናንት ተለቀሰ። ሆቴሉ፣ ታክሲው፣ አስጎብኚውና አየር መንገዱ ከዚህ እንጀራ ቆርሰዋል። ፊልሙን ከመንገደኞቹ የደበቀው አየር መንገድም ፊልሙን ያዩ ጎብኝዎችን አሳፍሯል።

ባንዲራ ሲጫንበት

መንግሥት ይህን ሁሉ እያየ ዝም አላለም። የአገሪቱ የመንግሥት ጣቢያ ቲ.አር.ቲ በታኅሣሥ 2014 "ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል" የተባለውን ፊልም ጀመረ። "ዲሪሊሽ" ትንሣኤ ማለት ነው። የመህመት ቦዝዳግ ሥራ ሲሆን፣ የኦቶማን መሥራች የዑስማን አባት የኤርቱግሩልን ታሪክ ይተርካል። ስለዚህ ሰው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ታሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህም ለደራሲ ሰፊ ሜዳ ይሰጣል። በዚያ ሜዳ ላይ የተሠራው ኤርቱግሩል መጠጥ አይጠጣም፤ ከሴት ጋር አይዝናናም፤ ይጸልያል፣ ይዋጋል፣ ፍርድ ይሰጣል። በ2012 የተጠየቀው በፈረስ ላይ የሚውል ጀግና ተገኘ ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ከ1876 እስከ 1909 የነገሡት የሱልጣን አብዱልሐሚድ ዳግማዊ ታሪክ በዚያው ጣቢያ ተጀምሮ እስከ 2021 ዘለቀ። የውጭ መንግሥታት ሴራና የአይሁድ አሣሣል የበዛበት ነው በሚል ብርቱ ነቀፌታም ደረሰበት።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት ዕቃ አይሸጥም ማለት ስሕተት ነው። ኤርቱግሩል በሚገባ ተሽጧል። በ2020 የረመዳን ጾም ሲገባ የፓኪስታን መንግሥት ጣቢያ በኡርዱ ቋንቋ አስተርጉሞ ሲያሳየው አገሩ ሁሉ ተቀመጠ። ያንን የገፋፉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢምራን ኻን ራሳቸው ነበሩ። ዋናው ተዋናይ ኤንጊን አልታን ዱዝያታንም በፓኪስታን ከአገሬው ኮከቦች ባልተናነሰ ታወቀ።

ልዩነቱ ያለው ግን በገዢው ማንነት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም የገዛው ማስታወቂያ ፈላጊ ጣቢያ ነው። ሁለተኛውን የጋበዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ማስታወቂያ ፈላጊው ጣቢያ ተመልካች እስካለ ድረስ ደንበኛ ሆኖ ይቆያል። መንግሥት ግን ደንበኛነቱ ከወዳጅነቱ ጋር የታሰረ ነው። ወዳጅነቱ ሲሻክር ውሉም ይሻክራል። ይህ ግምት አይደለም፤ በተግባር የታየ ነው።

በር የዘጉ ደንበኞች

የቱርክን ፊልም ለዓረቡ ዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው ኤም.ቢ.ሲ የተባለው የሳዑዲ ባለሀብቶች ጣቢያ ነበር። በ2008 "ኑር" በሚል ስም በሶርያ ዓረብኛ ተተርጉሞ የቀረበው የቤተሰብ ድራማ የመጨረሻ ክፍሉን 85 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ጣቢያው በጊዜው ገልጿል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት የዓረቡ ገበያ ለኢስታንቡል ዋነኛ ደንበኛ ሆነ።

በሰኔ 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከቀጠር ጋር ሲጣሉ ቱርክ ከቀጠር ጎን ቆመች። በመጋቢት 2018 ኤም.ቢ.ሲ የቱርክን ተከታታይ ፊልሞች ከጣቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት አወረደ። የሱልጣኑም፣ የተራው የፍቅር ታሪክም አብሮ ወረደ። ከፖለቲካው ምንም ያልነበረው የግል አምራች ከባለሥልጣኑ ጋር አብሮ ተቀጣ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በኅዳር 2019 ኤም.ቢ.ሲ "ማማሊክ አንናር" የተባለ ባለ 14 ክፍል ፊልም አቀረበ። ትርጉሙ "የእሳት መንግሥታት" ነው። በኤምሬቶች ገንዘብ ተሠርቶ እንግሊዛዊው ፒተር ዌበር ያዘጋጁት ይህ ፊልም 40 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ተነግሯል። ታሪኩ ሱልጣን ሰሊም ቀዳማዊ በ1517 ካይሮን ይዞ የመጨረሻውን የማምሉክ ሱልጣን ቱማን ባይን የሰቀለበት ነው። እዚህ ፊልም ላይ ኦቶማኑ ጀግና አይደለም፤ ወራሪና ጨካኝ ነው። በአንዱ ጣቢያ የነገሠው ሱልጣን በሌላው ጣቢያ ተከሰሰ።

በ2022 ኤርዶጋን ሳዑዲ ዓረቢያን ሲጎበኙ የፖለቲካው አየር ለዝቧል። ነጋዴ ግን መታረቁን ብቻ አይቆጥርም፤ በመካከል የባከነውን አራት ዓመትም ይቆጥራል። ተሽጦ ያላለቀ ዕቃ፣ የተቋረጠ ውል፣ ሌላ አቅራቢ የለመደ ደንበኛ በእርቅ ቀን አይመለሱም።

ከማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው

የኢትዮጵያ ተመልካች ሱለይማንን እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ንጉሥ ቢያየው አይፈረድበትም። ይሁንና ያ ሱልጣን ለኢትዮጵያ ባዕድ አልነበረም። በእሱ ዘመን ነው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) ከየመን የኦቶማን ሹም ጠብመንጃና ተኳሽ ተልኮለት በ1542 የፖርቱጋሎቹን አለቃ ክርስቶፎሮ ዳ ጋማን ድል ያደረገው። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወድቆ የጦርነቱ መልክ ተለወጠ። በ1555 "ሐበሽ" የተባለ የኦቶማን ግዛት በወረቀት ተቋቋመ። በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምፅዋን ያዘ። ወደቡ በስም እንኳ ቢሆን እስከ 1860ዎቹ በኦቶማን እጅ ቆየ። ለነጋዴ ይህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለሦስት መቶ ዓመታት የደጋው ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከሚወጣባቸው በሮች ዋነኛው ቀረጡ ለሌላ የሚከፈልበት በር ነበር።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥም ሐበሻ ነበረ። ከ1574 ጀምሮ የሱልጣን ሙራድ ሣልሳዊን የእልፍኝ ጃንደረቦች በአለቅነት የመራው፣ ያንንም ሹመት ወደ ታላቅ ሥልጣን ያሳደገው ሐበሺ መሐመድ አጋ ስሙ እንደሚናገረው የሐበሻ ሰው ነው። በልጅነቱ ተሽጦ፣ ተሰልቦ የሄደ ነው። የሐር መጋረጃው በፊልም ሲታይ ያምራል። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው የባሪያ ገበያ ግን በማስታወቂያው ላይ አይወጣም።

ግንኙነቱ ሁሉ ጠብ አልነበረም። በ1904 የሱልጣን አብዱልሐሚድ መልእክተኛ ሳዲቅ አል-ሙአየድ ፓሻ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከአፄ ምኒልክ ጋር ተገናኝተዋል። በ1912 ሐረር ላይ የኦቶማን ቆንስላ ተከፈተ። በኢየሩሳሌም የዴር ሱልጣን ገዳም ጉዳይም የኢትዮጵያ አቤቱታ በኢስታንቡል ቢሮዎች ሲመላለስ የኖረ ነው። ይህ ሁሉ ለፊልም የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። በኢስታንቡሉ ገበያ ጎልቶ ያልታየው ስለማይሸጥ አይደለም፤ ባለቤቱ ይዞት ስላልቀረበ ነው። ሻጭ የራሱን ዕቃ ይሸጣል፤ የጎረቤቱን ታሪክ አስተካክሎ እንዲያቀርብ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የአዲስ አበባው ገበያ

የቱርክ ፊልም በአማርኛ ድምፅ በየቤቱ በሰፊው የገባው ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ሲጀምር ነው። እንደ "ኩዚ ጉኒ" እና "ጥቁር ፍቅር" ያሉት የዘመኑን ኑሮ የሚያሳዩ ድራማዎች የመሸበትን ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ የሚያስገቡ ሆኑ። ወዲያውም ክርክር ተነሣ። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ውጭ ሥራ ሊሸሽ ነው፣ ባሕል ሊበረዝ ነው ብለው ተቃወሙ። ጣቢያውን የደገፉት ደግሞ ተመልካቹ በሳተላይት የባዕድ ቋንቋ ፊልም ሲያይ የኖረ መሆኑን፣ ለድምፅ ተዋንያን፣ ለተርጓሚና ለቴክኒክ ሠራተኛ የሥራ በር መከፈቱን ጠቀሱ።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሒሳቡ ግን ከሁለቱም ይልቅ ጨካኝ ነው። ያለቀለትን ዕቃ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ድራማ ከመሥራት በብዙ እጅ ይረክሳል። ባለማስታወቂያው የሚከፍለው ለተመልካች ቁጥር እንጂ ለአገር ፍቅር አይደለም። ስለዚህ በክልከላ ይህን ገበያ አቆማለሁ ማለት ከንቱ ነው። ግሪኮች አራት መቶ ዓመት የገዛቸውን ሱልጣን በቀውስ ጊዜ ሳሎናቸው ካስገቡ፣ የአዲስ አበባ ተመልካች በአዋጅ ጣቢያ ይቀይራል ብሎ የሚያስብ ገበያ አያውቅም።

ከዚህ ይልቅ ገንዘቡን በዚህ ዘርፍ ሊያውል ያሰበ ባለሀብት ከቱርኮቹ መዝገብ ሦስት ነገር ቢማር ይጠቅመዋል።

አንደኛው የቅደም ተከተል ትምህርት ነው። ቱርኮች በሱልጣን አልጀመሩም። በ2008 የዓረቡን ገበያ የከፈተው "ኑር" የዘመኑ ባልና ሚስት ታሪክ እንጂ የቤተ መንግሥት ታሪክ አይደለም። መጀመሪያ በርካሹ የቤት ውስጥ ድራማ ደራሲውን፣ ካሜራ ያዡን፣ ልብስ ሰፊውን አሠለጠኑ፤ ተመልካችና ማስታወቂያ አስለመዱ። ፈረሱና ሰይፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ግን ታሪክ ሲነሣ ሁሉም በአንዴ ዓድዋን በሺህ ጦረኛ ካልሠራሁ ይላል። ኃይሌ ገሪማ በ1999 ዓድዋን በዘጋቢ ፊልም ሲሠሩት አቅምን አይቶ መነሣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ካፒታል የሌለው ሰው በጅምላ አይጀምርም።

ሁለተኛው የውል ትምህርት ነው። ፊልም የሚያስመጣ ሰው የሚገዛው ዕቃውን ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ የማሳየት መብቱን ነው። ለስንት ዓመት፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በሳተላይት ብቻ ወይስ በኢንተርኔትም ጭምር፣ የአማርኛው ድምፅስ ውሉ ሲያልቅ የማን ይሆናል? ይህን ሳያጣራ የፈረመ ሰው የደከመበትን ድምፅ ለሌላ አስረክቦ ይወጣል። ከአንድ አገር ብቻ የሚገዛ ጣቢያ ደግሞ በ2018 ኤም.ቢ.ሲ የገጠመውን ያስብ። በአንድ ምሽት ባዶ የሚሆን መደብር የአንድ አቅራቢ እስረኛ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ከባዱ ነው። የራስን ታሪክ ለገበያ ማቅረብ ካስፈለገ ታሪኩ መከራከርን፣ መሳሳትን፣ ማልቀስን መቻል አለበት። በቱርክ ያን ያህል አገር ያዳረሰው ሱልጣን ጻድቅ ሆኖ የተሣለው አልነበረም፤ ልጁን ያስገደለው፣ በሚስቱ ምክር የተሳሳተው ሱልጣን ነው። በኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ የዚህ ዓይነት ሰው አልጠፋም። የጠፋው ንጉሡን ከዙፋኑ አውርዶ እንደ ሰው ለማሳየት የሚደፍር ገንዘብ ነው። የአንዱን ጀግና የሌላው ወገን እንደ ወራሪ በሚያይበት አገር ይህ ድፍረት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ካልተደፈረ ግን የሚሠራው ፊልም ሳይሆን የበዓል ንግግር ነው፤ የበዓል ንግግርን ደግሞ ከአገር ውጭ የሚገዛ የለም።

ከሁለቱ አገሮች ታሪክ ጥሬ ዕቃውን ወስዶ ከኢስታንቡል አምራች ጋር በሽርክና የሚሠራ ባለሀብት ቢገኝ ደግሞ መንገዱ ዝግ አይደለም። ቱርኮቹ ስቱዲዮ፣ ልብስና የሽያጭ መረብ አላቸው። ኢትዮጵያ ገና ያልተነካ ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና በስደት በዓለም የተበተነ ተመልካች አላት። የሐበሺ መሐመድ አጋ ሕይወት በሁለቱም ቋንቋ ሊነገር የሚችል ነው። ለሽርክናው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን አፍ ሞልቶ የሚደራደር፣ የራሱን ድርሻ በገንዘብም በታሪክም ይዞ የሚቀርብ ሰው ነው። ባዶ እጁን የሄደ ሸሪክ አይባልም፤ ተቀጣሪ ነው።

እስከዚያው ሱልጣኑ መሸጡን ይቀጥላል። ገዢውም ይገዛል፤ ተመልካቹም ያያል፤ ማንም አይከለክለውም። ያም ሆኖ አባቶች "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ያሉት ስለ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የተውሶ ወርቅ በሠርጉ ማግሥት ይመለሳል። የተውሶ ታሪክም ውሉ ያለቀ ዕለት ከመስኮቱ ይወርዳል፤ ያን ዕለት የአገሬው መደብ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ከሌለ፣ መብራቱ በርቶ የሚቀረው ባዶ ሱቅ ነው።